የትኛውን ኮሚክ በየወሩ ልከታተል ብሎ ለጠየቃችሁ ልጅ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሳምንት የጥበብ ገጻችሁ ላይ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በየወሩ ከሚወጡት ኮሚኮች፣ በተከታታይ ስዕል ከሚተረኩት መጽሔቶች ማለት ነው፣ የቱን ልከታተል ብሎ ጠየቃችሁ፣ እናንተ ደሞ በፊልም የምታውቀውን ጀግና ያዝና ከቁጥር 1 ጀምር ብላችሁ በሁለት መስመር ሸኛችሁት። ልጁ አሳዘነኝ። ይሄን ምክር የተከተለ ሰው ወራት ሳይቆይ ኮሚክ የሚባል ነገር እርግፍ አድርጎ ሲተው አይቻለሁ፣ እኔ ደሞ ከልጅነቴ ጀምሮ የማነብ ሰው ስለሆንኩ ዝም ልል ብል አላስችል አለኝ። ቢረዝምባችሁ ቁረጡት፣ ብቻ መሀሉን አትቁረጡብኝ።

በፊልም የምታውቀውን ስትሉት መቼም የአዲስ አበባ ልጅ መጀመሪያ የሚመጣለት ብላክ ፓንተር ነው፣ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ዋካንዳ ያላለ ማን አለ። እሺ ብላክ ፓንተርን ከቁጥር 1 ልጀምር ቢል የትኛውን 1? ሰውዬው መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው፣ እሱም በራሱ ኮሚክ ሳይሆን በፋንታስቲክ ፎር ቁጥር 52 ላይ። ከዛ ወዲህ በራሱ ስም ቁጥር 1 እየተባለ በተደጋጋሚ ተጀምሯል። በ2016 ታ ነሂሲ ኮትስ ጽሑፉን ሲረከብ እንደገና 1 ተባለ፣ እስከ 18 ሄደ፣ ቀጥሎ 19 ነው ብላችሁ ስትጠብቁ 166 የሚል መጣ። የማተሚያ ስህተት እንዳይመስላችሁ፣ መቶ ስልሳ ስድስት። ኩባንያው ከድሮ ጀምሮ የወጡትን ሁሉ ደምሬ ልቁጠር አለ። እስከ 172 ከሄደ በኋላ ደሞ በ2018 ጸሐፊው ሳይቀየር ተመልሶ 1 ሆነ። ይሄ ሁሉ ለምን ቢባል ሽፋኑ ላይ 1 የሚል ሲኖር ብዙ ይሸጣል፣ በቃ፣ ሌላ ምስጢር የለውም። ስለዚ ቁጥር 1 የታሪክ መጀመሪያ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ገና ከጅምሩ ተሸውዷል።

ሱፐርማን የወጣበት አክሽን ኮሚክስማ ቁጥር 1 የ1938 ነው፣ ቁጥር 1000 የወጣው በ2018። ከቁጥር 1 ጀምር ማለት ሰማንያ ዓመት ወደኋላ ሂድ ማለት እኮ ነው፣ ማትሪክ የሚጠብቀውን ልጅ!

ዋናው ጉዳይ ግን ቁጥሩም አይደለም። ማርቭልና ዲሲ የሚባሉት የአሜሪካን አሳታሚዎች ጀግኖች የኩባንያ ንብረት ናቸው፣ ዛሬ አንዱ ይጽፋቸዋል ነገ ሌላው፣ ሰዓሊውም እንደዛው። ታክሲው ያው ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ነው፣ ሹፌሩ ሲቀየር ግን ከፒያሳ ሜክሲኮ ያለው መንገድ ሌላ መንገድ ይሆናል። ባትማንን እወዳለሁ ብሎ በየወሩ የሚገዛ ሰው አንድ ዓመት ግሩም ታሪክ ሊያነብ ይችላል፣ በቀጣዩ ዓመት ጸሐፊው ሄዶ ያ ሁሉ የተገነባ ነገር እንዳልነበር ሲሆን ደሞ እያማረረ መግዛቱን አያቆምም፣ ምክንያቱም እሱ የያዘው ጀግናውን እንጂ ጸሐፊውን አይደለም። እኔ የምለው ሽፋኑ ላይ በትንሹ የተጻፉትን ሁለት ስሞች እዩ ነው። የጸሐፊውንና የሰዓሊውን። እነሱን ተከተሉ፣ ወደሌላ ኮሚክ ሲሄዱ አብራችኋቸው ሂዱ፣ ጀግናው ስራ ሊፈታ አይደለም ሌላ ሰው ያገኛል።

ኩባንያው ሳይሆን ሰዎቹ ራሳቸው የያዙት ስራ ከሆነ ደሞ የበለጠ አስተማማኝ ነው። ሳጋ የሚባለው ኮሚክ ከ2012 ጀምሮ ብራያን ኬ. ቮን እየጻፈ ፊዮና ስቴፕልስ እየሳለች ነው ያለው፣ ሁለቱ ብቻ፣ ማንም አልተተካም። (ለተማሪው ግን ይሄን አልመክርም፣ የአዋቂ ነው፣ እናቱ አንድ ገጽ ገለጥ ካደረገች ስልኩን ነው የምትወርሰው።) ዎኪንግ ዴድን ሮበርት ከርክማን ከ2003 እስከ 2019 193ቱንም ቁጥር ራሱ ጻፈው፣ ቻርሊ አድላርድ ከቁጥር 7 ተቀብሎ እስከ መጨረሻው ሳለው። አንድ ሰው አስራ ስድስት ዓመት አንድ ታሪክ ሲጽፍ አንባቢው የሚያገኘው ነገር በየዓመቱ እጅ በሚለዋወጥ ስራ ውስጥ አይገኝም። ጃፓኖቹም ጋ ያው ነው፣ ማንጋ የሚሉት ኮሚካቸው የሰውዬው ስራ ነው፣ የድራጎን ቦል ፈጣሪ አኪራ ቶሪያማ በመጋቢት 2024 ሲሞት በየወሩ ይወጣ የነበረው ድራጎን ቦል ሱፐር ተቋረጠ፣ ሌላ ሰው ጠርተው በማግስቱ ቀጥል አላሉትም።

አሁን ደሞ በስዕሉ እንምጣ፣ ሰው የማያየው ይሄን ነው። የአሜሪካን ወርሃዊ ኮሚክ ታሪኩ ሃያ ገጽ አካባቢ ነው። ሃያ ገጽ በወር ማለት እሁድን ካወጣችሁ ለአንድ ሰዓሊ በቀን አንድ ገጽ ገደማ ነው፣ እያንዳንዱ ገጽ ላይ አምስትና ስድስት ሳጥን፣ ሳጥኑ ውስጥ ሰው፣ ሰው ጀርባ ቤት፣ መኪና፣ መንገድ። ስለዚ አዲስ ተከታታይ ስትይዙ ቁጥር 1ን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ፣ ለሱ ወራት አግኝተው ነው የሰሩት። አራተኛውን ወይ አምስተኛውን ገልጣችሁ ከሰዎቹ ጀርባ ያለውን እዩ። ቁጥር 1 ላይ መስኮቱ፣ መጋረጃው፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ ሳይቀር ተስሎ አምስተኛው ላይ ከጀርባ ባዶ ቀለም ብቻ ከሆነ፣ ሰዎቹም ከደረት በላይ ብቻ የሚታዩ ከሆነ፣ እጃቸውም ኪሳቸው ውስጥ ከገባ፣ ሰዓሊው ጊዜ አልቆበታል ማለት ነው። ከዛ በኋላ የሚመጣው ይታወቃል፣ ወይ ይዘገያል ወይ ለሁለት ቁጥር ሌላ ሰዓሊ ይገባና የምታውቁት ሰውዬ ፊቱ ተቀይሮ ይመጣል። አንዳንድ ጎበዞች ግን ይሄን ቀድመው ያውቁና አምስት ስድስት ቁጥር አውጥተው ሰዓሊው ሰርቶ እስኪጠራቀም ያርፋሉ፣ የሳጋዎቹ እንዲህ ነው የሚያደርጉት። እረፍቱ ሲረዝም ደሞ ጉድ ነው፣ በ2018 ቁጥር 54 ላይ አንባቢውን አንጠልጥለው ሄደው የተመለሱት በጥር 2022 ነው። ምዕራፍ ሁለት በቅርብ ቀን ተብሎ የቀረውን የቴሌቪዥን ድራማ ስንቱን ለለመድነው ለኛ ብርቅ አይደለም፣ እነሱ ቢያንስ ተመልሰዋል።

ወደ ገንዘቡ። አንድ ቁጥር ባሁኑ ጊዜ 3.99 ወይ 4.99 ዶላር ነው። በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ርካሹ በባንክ ዋጋ 230 ብር አካባቢ ይሆን ነበር፣ አሁን ከ500 ብር በላይ ነው፣ እሱም የማጓጓዣውን ሳይጨምር። ለሃያ ደቂቃ ንባብ። አራት አምስት ተከታታይ ልያዝ የሚል ልጅ ካለ አባቱ ባንክ ቤት ይኑረው። ስለዚ ምርጫ የግድ ነው፣ ሁለት ብቻ፣ ከፈለገም አንድ።

ስትመርጡ ደሞ አንድ ትልቅ ነገር አለ። ወርሃዊ ኮሚክ አምስት ስድስቱ ሲጠራቀም እንደ መጽሐፍ ተጠርዞ ይወጣል፣ ይሄ ጥራዝ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ ብዙ ጸሐፊዎች ታሪኩን ለጥራዙ ብለው ይለጥጡታል። በአንድ ቁጥር ማለቅ የሚችለውን ስድስት ያደርጉታል፣ ስለዚ በየወሩ የምትገዛው ሰው የምታገኘው ሁለት ሰዎች ቆመው ሲያወሩ ነው፣ አንዱ ሊመታው እጁን ሲያነሳ ይቀጥላል ይልሃል። እንዲህ አይነቱን ጥራዙን ጠብቆ ማንበብ ነው፣ በወር በወር መክፈል ራስን መቅጣት ነው። በየወሩ መያዝ ያለበት አንዱ ቁጥር ብቻውን የሆነ ነገር የሚሰጥ ነው። እንዴት ይታወቃል ካላችሁ የእኔ ፈተና ለገሃር ነው። ድሮ እዛ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት አስፋልቱ ዳር ላስቲክ ላይ አሮጌ መጽሐፍ ከሚያነጥፉት ጋ መሀል መሀል ላይ ኮሚክ ይገኝ ነበር፣ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ሽቦው ዝጎ ወረቀቱ ላይ ቡኒ ክብ የሰራ። «ሌላው ቁጥርስ?» ስለው «እህቴ ያለው ይሄው ነው፣ ከፈለግሽ ውሰጂው» ይላል። ከየት እንደመጣ አይታወቅ፣ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ አይታወቅ፣ ከመሀል የተቆረጠ። ግን አንዳንዱ እንዲያም ሆኖ ሶስት ገጽ ሳትሄድ ማን ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚፈልግ፣ ምን እንደሚፈራ ይገባሃል፣ ጨርሰህም አንድ ነገር አንብቤያለሁ ትላለህ። አንዳንዱ ደሞ ሁለቴ አንብበኸውም ጢስ ነው። አዲስ ተከታታይ ሳይ ዛሬም የምጠይቀው ያንኑ ነው፣ ይሄ ለገሃር ላስቲክ ላይ ብቻውን ቢገኝ ይነበባል ወይ። ልጁም ስልኩ ላይ በነጻ ከሚለቀቁት የመጀመሪያ ገጾች ሳይሆን ከመሀል አንዱን ቁጥር ይፈትሽ።

አሜሪካን ያለ አንባቢ ሌላ ጣጣ አለበት፣ ሱቆቹ ኮሚኩ ከመውጣቱ ሁለት ሶስት ወር ቀድመው ነው የሚያዙት፣ ያልተሸጠውን ብዙ ጊዜ አይመልሱም፣ ስለዚ ደንበኛው አስቀምጥልኝ ካላለ ሱቁ አያዝም፣ ካልታዘዘ ደሞ ተከታታዩ ስድስተኛው ላይ ይሞታል። ጥራዙን እጠብቃለሁ የሚለው ሰው ሲበዛ ጥራዙም አይመጣም ማለት ነው። እኛ እዚህ ሆነን ያ ጣጣ የለብንም፣ ፒያሳ ላይ በየወሩ በስሜ ኮሚክ የሚያስቀምጥልኝ ሱቅ የለም፣ አሜሪካንም ወርዶ የሚያዝልኝ የለም። ይሄ ባንድ በኩል ነጻነት ነው። ዶላር የሚከፍል ካርድ ያለው ዘመድ ካለው ማርቭል አንሊሚትድ በሚባለው የኩባንያው አፕ ከሁለት ሶስት እትም ዋጋ በማይበልጥ የወር ክፍያ የማርቭልን ብዙ ኮሚክ ማንበብ ይቻላል፣ ችግሩ አዲሱ ቁጥር እዛ የሚገባው ከወጣ ከሶስት ወር በኋላ ነው። እኔ ሶስት ወር ምንም አይመስለኝም። ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን ስካን እንደማታነቡ አድርጌ አላወራም፣ ሁሉም ያነባል፣ ግን ሰዓሊው ከሱ ሳንቲም አያገኝም፣ ደሞ ግማሹ ገጽ ጎድሎ ቅደም ተከተሉ ተዘበራርቆ ነው የሚመጣው።

ለልጁ አንድ ስም ጥራ ካላችሁኝ ግን የምለው ግልጽ ነው። ናሩቶን በአኒሜ፣ በጃፓኖቹ የካርቱን ፊልም፣ አይቶ ይሆናል፣ ያላየ የለም። የሱ ተከታይ የሆነው ቦሩቶ ቱ ብሉ ቮርቴክስ ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በየወሩ ይወጣል፣ ታሪኩ የማሳሺ ኪሺሞቶ ስዕሉ የሚኪዮ ኢኬሞቶ ነው፣ አሳታሚው ራሱ ባዘጋጀው ማንጋ ፕላስ በሚባለው አፕ ላይ የመጀመሪያዎቹን ሶስትና የመጨረሻዎቹን ሶስት ምዕራፎች በነጻ በእንግሊዝኛ ያስነብባል። በነጻ፣ በህጋዊ መንገድ፣ ያለ ዶላር። በፈረንጅ በ20 አካባቢ ነው የሚለቀቀው፣ በኛ ከ10 እስከ 14 ባለው ቀን ማለት ነው፣ አንዳንድ ወር ይዘላል አትደንግጥ በሉት። የቀኝ ገጽ ከግራ ቀድሞ እንደሚነበብም ንገሩት፣ ጓደኛው ግራ ከገባው ይሳቅበታል። ምርጥ ስራ ነው አላልኩም፣ ሴቶቹ ገጸ ባህርያት የሚገባቸውን ቦታ አላገኙም፣ ግን አንድ ሰው በየወሩ መጠበቅ ምን እንደሆነ ያለ ወጪ የሚለምድበት ጥሩ መጀመሪያ ነው። ሲለምደው ራሱ ይመርጣል።

መጠበቁን እንደ ጉዳት የሚያዩት አሉ፣ ለምን ሲያልቅ ባንዴ አላነበውም የሚሉ። እኔ አልስማማም። በወር አንዴ የሚመጣ ነገር መሀሉ ላይ ያለው ሰላሳ ቀን የኮሚኩ አካል ነው፣ ምን ሊሆን ነው እያሉ መከራከሩ፣ ቡና ቤት ተቀምጦ አይ እሱማ አልሞተም መባባሉ። ከርክማን ይሄን አውቆ ነው ዎኪንግ ዴድን ሊጨርስ ሲል ለማንም ሳይናገር ገና ሊመጡ ነው ብሎ የሌሉ ቁጥሮችን ሽፋን አሰርቶ ለሱቆች ያስተዋወቀው፣ አንባቢው 193ን ገዝቶ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ነው ማለቁን ያወቀው። ይሄን በጥራዝ ለሚያነብ ሰው ማድረግ አይቻልም፣ የገጹ ውፍረት ይናገራልና። ደሞ ከወርሃዊው ጀርባ የአንባቢ ደብዳቤ የሚወጣበት ገጽ አለ፣ ሳጋዎቹማ በኢሜይል አንቀበልም በፖስታ ላኩ ነው የሚሉት። ጥራዙ ላይ ደብዳቤዎቹ አይገቡም። ለጋዜጣ ደብዳቤ ለሚጽፍ እንደኔ ላለ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚህ በኋላ ያለው ለእናንተ ነው፣ ለልጁ አይደለም። ቸርችል ጎዳና ላይ ለቱሪስት ስዕል የሚሸጡት ሱቆች ውስጥ የንግስት ሳባን ታሪክ በአርባ አራት ሳጥን ከፍሎ ከላይ ወደታች ረድፍ በረድፍ የሚተርከው ስዕል ተሰቅሎ ታያላችሁ፣ ዘንዶው፣ ጉዞው፣ ሰለሞን፣ ውሀ የጠጣችበት ሌሊት፣ ልጁ አባቱን ሊያይ ሲሄድ፣ ከየሳጥኑ ስርም ጽሑፍ አለው። ይሄ ኮሚክ ካልሆነ ምን ኮሚክ ነው። በዘመናዊ መንገድ ደሞ በሰራት ደበበ ያቋቋመው ኢታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 ጀምበር የሚለውን ኮሚክ አወጣ፣ ከዛ ሐዊን፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም። የአዲስ አበባ ልጅ ጀግና ሆኖ ያየነው በሱ ነው። ግን በየወሩ አይወጣም፣ ሊወጣም አይችልም፣ ቅድም እንዳልኩት በቀን አንድ ገጽ የሚስል ሰው በቀን አንድ ገጽ የሚያኖረው ገቢ ያስፈልገዋል፣ ያን ገቢ የሚሸፍን ገዢ ገና የለም። ስለዚ ልጁ በየወሩ የአገር ውስጥ ኮሚክ ልከታተል ቢል መልሱ የለም ነው።

እናንተ ግን ጋዜጣ አላችሁ፣ በየሳምንቱ ይወጣል፣ ማተሚያውም ስርጭቱም የተከፈለበት ነው። ጀርባው ላይ ለስፖርት ሙሉ ገጽ ስትሰጡ፣ ያውም ሰው እሁድ ማታ ስልኩ ላይ ያየውን የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ውጤት፣ ግማሹን ገጽ ለተከታታይ ኮሚክ ብትሰጡት ምን ትከስራላችሁ? ግማሽ ገጽ በሳምንት ለሰዓሊ የሚቻል ነው፣ በወር ሁለት ሙሉ ገጽ ማለት ነው። ካርቱን አለን እንዳትሉኝ፣ እሱ አንድ ሳጥን ነው፣ አይቀጥልም። እኔ የምለው ሳምንቱን የሚያስጠብቅ ታሪክ ነው። አንድ ጸሐፊና አንድ ሰዓሊ ያዙ፣ ስማቸውን ከርዕሱ እኩል አትሙት፣ ከመጀመራችሁ በፊት ቢያንስ የስምንት ሳምንቱ ተስሎ መሳቢያችሁ ውስጥ ይግባ፣ ስንት ሳምንት እንደሚሄድም ለአንባቢው ቀድማችሁ ንገሩት፣ ሃያ ካላችሁ ሃያ ይሁን። ማስታወቂያ በበዛ ሳምንት የምትቆርጡት መጀመሪያ እሱን ከሆነ ግን ተዉት አትጀምሩት። ሰዓሊውንም ስራህን እናስተዋውቅልሃለን ብላችሁ ሳይሆን በገጽ በገጽ ክፈሉት።

አንባቢያችሁ
ከአራት ኪሎ